ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማየት የት እንቁም? ከአባቴና ከልጄ ጋር ባሌ ልንወጣ ነው

ሜላት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ ጥቂት ቀን እረፍት አግኝቻለሁ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ወስነናል። አባቴና የሰባት ዓመት ልጄ አብረውኝ ናቸው።

አባቴ ሰባን አልፈዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደሎ መና አስተማሪ ነበሩ። ወደ ጎባ ሲመላለሱ በጭነት መኪና የሳነቴን አምባ፣ ያንን ከፍተኛ ሜዳ፣ ያቋርጡ ነበር። እስከ ዛሬ ስለዚያ ብርድ ሳያነሱ አይውሉም። ቀይ ቀበሮዎቹ መኪናው ሲያልፍ ቆም ብለው ያዩን ነበር ይላሉ። ልጄ ይህን ሲሰማ ነው ያደገው፤ አሁን "የአባባን ቀበሮ ካላየሁ" ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል።

የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። አንዲት ጓደኛዬ ሄዳ ድንጋይና ጭጋግ ብቻ አይታ ተመልሳለች። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ሆነው ሜዳውን ሲያፈጡ ውለው ምንም የለም። እኛ ደግሞ እዚያ የሚኖረን ጊዜ አንድ ቀን ተኩል ቢሆን ነው። ሁሉንም ሳነቴ ላይ እናሳልፈው ወይስ ዲንሾንም እንይ? አባቴ ደግሞ የደም ግፊት አለባቸው፤ እዚያ ከፍታ ላይ መውጣታቸው ያስፈራኛል። አካባቢውን የምታውቁ ብትነግሩኝ በጣም ነው የማመሰግነው።

ብሩክ ከአዳማ፦

ሄጄበታለሁ፤ በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው። ጎባ እደሩና ገና ሳይነጋ ተነሱ። 12 ሰዓት ላይ አምባው ላይ መገኘት አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ አውሬ ይተኛል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል። 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ ሆናችሁ በቢኖኩላር ዙሪያውን ቃኙ፤ ሁሉም ነገር ከእግራችሁ ሥር ነው። ወፍራም ጃኬት እንዳትረሱ።

ከማል ዘጎባ፦

እህቴ ሜላት፣ እንኳን ወደ አገራችን ልትመጪ አሰብሽ። እኔ ጎባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እንግዳ ይዤ ሳነቴ መውጣት የዕለት እንጀራዬ ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ጓደኛሽ አይታ የተመለሰችው ድንጋይና ጭጋግ ብዙ እንግዳ የሚያጋጥመው ነገር ነውና።

ብሩክ ስለ ጃኬቱ ልክ ነው። በሰዓቱና በቦታው ግን አልስማማም።

ሳነቴ ላይ ቀበሮ የሚፈልግ ሰው ሁሉ አድማሱን ነው የሚያየው። ሩቅ፣ ሩቅ። እኔ ለእንግዶቼ መጀመሪያ የምነግራቸው መሬቱን እዩ ነው። ከመንገዱ ዳር ሃያ ሠላሳ እርምጃ ያለውን መሬት። እዚያ ላይ አዲስ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ክምር ካለ፣ ቀዳዳም ካለ፣ ቁሙ። ሞተር አጥፉ። ፍልፈል አለ ማለት ነው። ፍልፈል ካለ ቀበሮው ይመጣል፤ አሁን ባይመጣ ማለዳ መጥቶ ሄዷል።

ይህ ፍልፈል ሌላ ቦታ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። ትልቅ ነው፤ እስከ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በዓለም ላይ ያለው ባሌ ብቻ ነው። ዕድሜውን አብዛኛውን ከመሬት በታች ያሳልፋል። የሚወጣው ሣር ለመሰብሰብ ነው፤ መውጣት ከተባለም ማለቴ ነው። መጀመሪያ ከቀዳዳው አፈር ይገፋል። ከዚያ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ስለሆኑ ገና ግንባሩ ሳይወጣ ሰማዩንና ዙሪያውን ያያል። ረጃጅም የፊት ጥርሶቹ ይታያሉ። ደህና መሆኑን ሲያረጋግጥ ግማሽ ሰውነቱን ያወጣና በአፉ ሙሉ ሣር ነጭቶ ወደ ኋላው ሹልክ። ኋላ እግሮቹ ከቀዳዳው ሳይወጡ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ዙሪያውን ያለውን ሣር ሲጨርስ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።

አጠገቡ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማ ታያላችሁ። ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። ወፏ ድንገት ብር ብላ ከተነሳች ፍልፈሉም እዚያው ይሰወራል። ያን ጊዜ ቀና በሉ። አንድ ነገር እየመጣ ነው። ንስር ሊሆን ይችላል፤ ቀበሮም ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን በተመለከተ። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ የሌሊት አውሬ አይደለም። ቀን ነው የሚያድነው፤ ምክንያቱም ፍልፈሉና የሣር አይጦቹ የሚወጡት ቀን ነው። በጥር ደግሞ ሳነቴ ማለዳ ላይ መሬቱ በአመዳይ ነጭ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፍልፈሉ መሬቱ ሞቅ ሳይል ምን ሊሠራ ይወጣል? ስለዚህ ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ አባትሽም ሻያቸውን ጠጥተው፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት አምባው ላይ ብትደርሱ ምንም አያመልጣችሁም። ከዚያ እስከ 6 ሰዓት ዋናው ጊዜ ነው። ማለዳ መውጣት የሚጠቅመው መንጋውን አንድ ላይ ለማየት ነው። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ክልላቸውን አብረው ይዞራሉ። ከዚያ ይበተኑና እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። ለሕፃንና ለሽማግሌ ሲባል ግን ያንን መተው ይሻላል።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ውጡ፤ እይታው ውብ ነው። ነገር ግን እዚያ ብዙ አትቆዩ። ነፋስና ድንጋይ ነው፤ ፍልፈሉ የሚወደው ሣርና ለስላሳ አፈር ያለበትን ሜዳ፣ የኩሬዎቹን ዳርቻ ነው። ጓደኛሽን ጠይቂያት፤ ጫፉ ላይ ነው ጊዜዋን የጨረሰችው ብዬ እገምታለሁ።

ቀበሮው ሲመጣ እንዴት ታውቁታላችሁ? ቀይ ነው፤ እንደ ሸክላ። ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ቀጭን። ሲያድን ተመልከቱት። ቆም ይላል። ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል። ሁለት እርምጃ ይሄድና ይደርቃል። ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ይላል። ልጅሽ ይህን ሲያይ ትንፋሹን ይዞ እንዲቆይ ንገሪው፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ እይዛለሁ። አንዳንዴ ይዘላል። አንዳንዴ በሁለት እጁ አፈሩን መጫር ይጀምራል፤ ጭራው ብቻ እስኪታይ ይቆፍራል። ብዙ ጊዜ ባዶ አፉን ይመለሳል፤ አቧራውን አራግፎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳል።

ይኸውላችሁ፣ ሳነቴ ማለት ከመሬት በታች ያለው ነው። ላዩን ሲያዩት ባዶ ሜዳ ይመስላል። ቀበሮው፣ ንስሩ፣ ቁራው፣ ሁሉም የሚበላው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ሰውም በልቶታል። ዌብ ሸለቆ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ቦታ የድንጋይ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳወጡት፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። ከጫፎቹ ላይ በረዶ ባልጠፋበት ዘመን ማለት ነው። ይበሉት የነበረው በአብዛኛው ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ነው። ልጅሽ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። መኪና ይዘው ከመንገድ የሚወጡ አሉ፤ ፎቶ ለማንሳት። ያ ጎማ የሚሄደው በፍልፈሉ ጣራ ላይ ነው። ዋሻው ይደረመሳል። ቀበሮ ሲያዩ ጋዝ ሰጥተው የሚከተሉም አሉ። ቀበሮው እየሮጠ፣ እነሱ በመስኮት ስልካቸውን ዘርግተው። ዳቦና ብስኩት የሚወረውሩም አይቻለሁ። ምግብ የለመደ ቀበሮ መኪና ሲያይ ወደ መንገዱ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሹፌር ደግሞ ሳያየው ይገጨዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። አንዱ ሲሞት መንጋው ይጎድላል። አብዛኛውን ጊዜ ከመንጋው የምትወልደው አንዲቷ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ እሷን ያግዛሉ፣ ለቡችሎቹ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። በጥር ቡችሎቹ ከጉድጓድ ወጥተው የሚጫወቱበት ጊዜ ነው። ጉድጓድ ካያችሁ አትጠጉ፤ እናቲቱ ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይራለች።

ስለ አባትሽ። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ የደም ግፊት ያለበትን ሰው እኔ አይዞህ ውጣ ልለው አልችልም። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ በመጀመሪያው ቀን ሳነቴን አታስቡት። ግማሹን ቀን ዲንሾ አሳልፉት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ከፍታው 3,100 ሜትር ያህል ስለሆነ ሰውነት ይለምዳል። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ የጥድና የኮሶ ጫካ አለ። የደጋ አጋዘን እዚያ ሰው ለምዶ በዝግታ ይግጣል። ወንዱ ጠመዝማዛ ቀንድ አለው፤ ሴቷ የላትም። ከርከሮ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ። አባትሽ ዱላቸውን ይዘው ቀስ እያሉ የሚሄዱበት ቦታ ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ የጋይሳይ ሜዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትቀዘቅዝ አጋዘኑ በብዛት ይወጣል። ይህ እንስሳም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

በማግስቱ ሳነቴ። ከጎባ ስትወጡ ጥዱና ኮሶው ያልቃል፣ አስታ ይተካል፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ጅብራው ብቻ ይቆማል። ላይ ስትደርሱ አባትሽ ከመኪና ቶሎ እንዳይወርዱ። ልጁም እንዳይሮጥ። ውሃ ጠጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ነገ ይሻለዋል አይባልም፤ ያኔውኑ ወደ ታች መውረድ ነው። ወደ ጎባም፣ በደቡብ በኩል ወዳለችው ሪራም ብትወርዱ ከፍታው ቶሎ ይቀንሳል። ፀሐዩ ደግሞ ብርድ ስላለ አይታወቅም እንጂ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ያዙ።

ሜላት፦

ከማል ወንድሜ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ! ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ወፏ ስትናገር አቋረጡኝና "እሷን እኮ አውቃታለሁ" አሉ። ሐኪማቸው ጋ ቀጠሮ ይዘናል።

ሁለት ነገር እንድጠይቅ አዝዘውኛል። አንደኛ፣ በእሳቸው ጊዜ የእረኞች ውሾች በየሜዳው ነበሩ፤ ቀበሮዎቹን አይጎዱም ወይ? ሁለተኛ፣ ሀረና ጫካ ውስጥ አንበሳ ዛሬም አለ ወይ? ማታ ማታ ድምፁን ይሰሙ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ፦

ስለ ውሾቹ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ስለሆነ። አባትሽ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት።

ውሻው ቀበሮውን ይበልጥ የሚጎዳው በንክሻው ቁስል አይደለም፤ በሚያስተላልፈው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀበሮ ሲሻገር እንደ እሳት ነው። ቀበሮዎቹ በመንጋ ስለሚኖሩ፣ ስለሚላላሱም፣ አንዱ ከያዘ ለሁሉም ይደርሳል። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ከዚያ በፊትም በ1984 ዓ.ም. አካባቢ ተመሳሳይ እልቂት ነበር። ዲስተምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም እንዲሁ ጎድቷቸዋል።

ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ መንደሮችን ውሾች መከተብ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ነው። ይህ ለሰዉም ይጠቅማል፤ በሽታው ልጆችን ይገድላል። ውሻን ብቻ መከተብ ግን በቂ አልሆነም። ቀበሮን ደግሞ አጥምዶ መርፌ መውጋት ከባድ ነው፣ እንስሳውንም ያስጨንቃል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይቀመጥላቸዋል። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ክትባቱን ይወስዳል። እኔ በሙያዬ ይህን ያህል ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው፤ ውሻ ይዛችሁ ወደ ፓርኩ እንዳትገቡ። የተከተበ ቢሆንም።

ከማል ዘጎባ፦

ሐኪሟ እግዜር ይስጥሽ። እረኛውም ለውሻው ምክንያት አለው፤ ሌሊት ጅብ በረቱ ላይ ይመጣበታል። ከብቱ ሜዳውን መጨረሱ ነው የበለጠ የሚያስፈራኝ። ሣሩ ሲያልቅ ፍልፈሉ ይሳሳል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲመዘገብ ጎባ ላይ ትልቅ ደስታ ነበር፤ እኔም ተደስቻለሁ። ግጦሹ ግን ገና መልስ ያላገኘ ጉዳይ ነው። ሰዉም የሚኖረው ከዚያ ነው፤ አማራጭ ሳይሰጡት ተነሣ ማለት አይቻልም።

ወደ አባትሽ ጥያቄ። አዎ፣ አንበሳ ዛሬም ሀረና ውስጥ አለ። ከመኪና ታዩታላችሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጊዜ ካላችሁ ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሪራ ውረዱ። ከአምባው ጠርዝ ላይ ቁሙና ወደ ታች እዩ። ከኋላችሁ ሣርና ድንጋይ፣ ከፊታችሁ ደመና፣ ከደመናው ሥር ጫካ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ መጀመሪያ አስታው ይመጣል፤ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት አንጠልጥሏል። ከዚያ ኮሶው፣ ከዚያ ቀርከሃው። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፤ ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ዋና ምግቡ ነው። ጉሬዛውን ግን በቀላሉ ታዩታላችሁ። ከዚያም ዝቅ ሲል የጫካ ቡና ነው፤ አባትሽ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ትኬቱን ዲንሾ ጽሕፈት ቤት ስትቆርጡ ደረሰኙን አትጣሉት፤ ሳነቴ ስትወጡ ይጠየቃል። አስጎብኚም እዚያው ያዙ፤ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ ዓይናቸው ፈጣን ነው። ነዳጅ ጎባ ሙሉ፤ ላይ የለም።

ብሩክ ከአዳማ፦

ከማል፣ ስለ ፍልፈሉ ይህን አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ስሄድ ጫፉ ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ ነው የምቆመው። ቢኖኩላሩ ግን ይቅር?

ከማል ዘጎባ፦

አይቅር፣ ያዙት። ቀዳዳውን በቢኖኩላር ስታየው ጥርሱ ላይ ያለው አፈር ሳይቀር ይታያል። ሜላት፣ ለልጁ አንድ የራሱ ቢሰጠው ጥሩ ነው። ከአያቱ እንዳይነጥቅ።